ስድስት ዓመት የከፈልኩበት ኮሌጅ፣ ከነሒሳቡ

ስለ ምግብ ቤት የሚጽፍ ሰው አንድ ምሳ በልቶ ይጽፋል፤ ስለ ጫማ የሚጽፍ አንድ ክረምት አድርጎት ይጽፋል። እኔ ለምጽፍበት ነገር ስድስት ዓመት ከፍያለሁ። ደሴ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ፣ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በሳምንት ሁለት ማታና እሁድ ሙሉ ቀን፣ ከ2010 እስከ 2015። ስሙን አልጽፍም። የምነቅፈው ነገር እሱ ጋ ብቻ ያለ አይደለም፤ የማመሰግናቸው ሰዎችም ስማቸው ቢነሳ ደስ አይላቸውም። ነጥቡን ግን አስቀድሜ ልናገር፤ ከአሥር ስድስት እሰጠዋለሁ። እንደ ሒሳብ ሠራተኛነቴ እያንዳንዷ ነጥብ ከየት እንደመጣች ደረሰኝ አቀርባለሁ።

ነገሩን ያስነሳችው የእህቴ ልጅ ናት። ሐይቅ ከተማ በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ናት፤ የቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ጨርሳለች፣ ለዲግሪ መግቢያ የሚጠየቀውን የብቃት ምዘናም አልፋለች፣ አሁን ዲግሪ አምሯታል። ባለፈው ሳምንት ሦስት ማስታወቂያ በቴሌግራም ልካ «እትዬ፣ የትኛው ይሻላል?» አለችኝ። ሦስቱንም ከፍቼ አየሁ። በሦስቱም ላይ ካባ የለበሰች ልጅ ቆቧን ወደ ሰማይ ትወረውራለች። ሦስቱም «ብቁ መምህራንና ዘመናዊ ቤተ መጻሕፍት» አሏቸው። የአንደኛውን ባለመስታወት ሕንፃ አውቀዋለሁ፤ ምድር ቤቱ ባንክ ነው፣ አንደኛው ፎቅ የጥርስ ክሊኒክ ነው፣ ኮሌጁ የተከራየው ከሦስተኛው ፎቅ የግራውን ክንፍ ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ግን ሕንፃው በሙሉ የእነሱ ይመስላል።

ለመደበኛ ተማሪ ነገሩ ሌላ ነው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የበቃ ልጅ ምርጫውን ይሞላል፣ ሚኒስቴሩ ይመድበዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ወልዲያ ወይም መቅደላ አምባ ከደረሰው ለእናቱ ቀረበ፤ ጅማ ከደረሰውም ብርድ ልብሱን ይዞ ይሄዳል። ይህን የምጽፈው እንደ እህቴ ልጅ፣ እንደ እኔም፣ ሥራቸውን ይዘው ከኪሳቸው እየከፈሉ ለሚማሩ ነው። መራጩ ራሱ ነው፤ ከተሳሳተም የሚከፍለው ራሱ ነው።

እኔ ፒያሳ አካባቢ በአንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሒሳብ እይዛለሁ። ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ፣ የፍሬን ሸራ፤ ለባጃጅም ለአይሱዙም። ባለቤቱን ሀጂ እንላቸዋለን። የሀጂ ትምህርት ቁርኣን ቤትና ስድስተኛ ክፍል ነው። ወረቀት ሲያነቡ ግን ከታች ወደ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ማኅተሙን፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ ከዚያ ፊርማውን፣ መጨረሻ ላይ ጽሑፉን። የኮሌጅ አመራረጥ የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

በ2009 መጨረሻ ሌላ ኮሌጅ ልመዘገብ ነበር። ሀጂ እዚያው ሰፈር ዕቃ የሚያወርዱበት ጉዳይ ነበራቸውና አብረን ሄድን። ምዝገባ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ልጅ ትሁት ነው፤ ወንበር ሰጠን፣ ሻይ ይምጣላችሁ አለ። የምዘና ማስረጃዬን ረስቼ ስለመጣሁ ይቅርታ ስጠይቀው «ችግር የለውም፣ ኋላ ታመጪዋለሽ፤ አሁን መመዝገቢያውን ክፈይ» አለኝ። ደስ አለኝ። ሀጂ በዚህ መሐል ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የዕውቅና ፈቃድ ጠጋ ብለው መነጽራቸውን አውጥተዋል። ብዙ ቆዩ።

«ልጄ፣ ይህ ወረቀት ደሴ አይልም» አሉኝ።

እውነትም አይልም። ፈቃዱ የተሰጠው ሌላ ከተማ ላለው ቅርንጫፍ ነበር። ልጁ «አንድ ኮሌጅ እኮ ነን» አለ። ሀጂ ፈገግ ብለው «እኔም አንድ ሀጂ ነኝ፤ ኮምቦልቻ ሌላ ሱቅ ልክፈት ብል ግን ለዚያም ወረቀት አምጣ እባላለሁ» አሉት። ሻዩ ሳይመጣ ወጣን።

የዕውቅና ፈቃድ ለኮሌጁ በጅምላ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ለዚህ ካምፓስ፣ ለዚህ የትምህርት መስክ፣ ለዚህ ደረጃ፣ ለዚህ የመማሪያ ዓይነት ተብሎ ነው የሚሰጠው። በመደበኛ እንዲያስተምር የተፈቀደለት በርቀት እንዲያስተምር አልተፈቀደለትም። የሚያበቃበት ቀንም አለው። ያኔ የሚሰጠው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ነበር፤ ዛሬ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የእህቴ ልጅ ሄዳ «ፈቃድ አላችሁ?» ብላ ብትጠይቅ ሁሉም አለን ይሏታል፤ አብዛኞቹም አልዋሹም፤ የሆነ ቦታ፣ የሆነ መስክ ላይ ፈቃድ አላቸው። «ለደሴ፣ ለአካውንቲንግ ዲግሪ፣ ለእሁዱ ፕሮግራም የተሰጣችሁን አሳዩኝ» ብላ ስትጠይቅ ነው የፊታቸው ቀለም የሚታወቀው። ካሳዩዋት በስልኳ ፎቶ ታንሳውና ከባለሥልጣኑ ታመሳክረው።

የተማርኩበት ኮሌጅ ሻይ አልጋበዘኝም። የሬጅስትራሩ መስኮት ላይ የተቀመጡት ሴትዮ ፊታቸው እንደ ደሴ ሐምሌ ነው። «የምዘና ማስረጃሽ፣ ዋናው» አሉ። አመጣሁ። «ቅጂውን ይዘን ለሰጠሽ አካል እንጽፋለን። መልሱ ሳይመጣ ክፍል አትገቢም።» ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ተጨቃጨቅሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም። የናቁኝ መስሎኝ ነበር። ዓመታት አልፈው የመውጫ ፈተና ምዝገባ ሲመጣ፣ ሌላ ቦታ «ኋላ ታመጪዋለሽ» ተብላ የገባች አንዲት ጓደኛዬ ምዘናውን ሳታልፍ መማሯ ታወቀና ያ ሁሉ እሁድ እንዳልተማረ ተቆጠረ። እንደገና ከምዘናው ጀመረች። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ነጥብ ለሴትዮዋ ቁጣ ሰጥቻለሁ። ሁለተኛዋ ለሰዓቱ ናት፤ ቅዳሜ የሱቃችን ትልቁ ቀን ስለሆነ ቅዳሜን ነፃ የሚተውልኝ ፕሮግራም እዚያ ብቻ ነበር ያገኘሁት።

ስለ ሕንፃው ብዙ አልልም። ብርድ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም በተሰበረው መስኮት ገብቶ ከእኛ ጋር ይማር ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ሦስት መደርደሪያ ሲሆን ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፤ ጥበቃው ደግሞ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ መጽሐፍ ተውሼ አላውቅም። ሽንት ቤቱን ይለፉት።

ወደ መምህራኑ ልምጣ። እሁድ የሚያስተምሩት አብዛኞቹ የኮሌጁ ቋሚ ሠራተኞች አይደሉም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌላ ቦታ ያስተምራሉ ወይም ባንክ ይሠራሉ፤ እሁድ እኛ ጋ ይመጣሉ። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ቀኑን ብድር ሲያጸድቅ የሚውል ሰው ስለ ብድር ሲያስተምር ዓይኑ ወረቀት ላይ አይተከልም። ነገር ግን እሁድ ጠዋት ማንም ይመጣል። ከምሳ በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ጠመኔ ይዞ የሚገባው ማነው? ኮሌጅ የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግ ያስተማረን መምህር 8 ሰዓት ሳይሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ይገባ ነበር። አንድ እሁድ ትምህርቱ ስለ ዕቃ ክምችት ዋጋ ነበር። በሃንዳውቱ ላይ ያለውን ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ሊገለብጥ ጀመረና አቆመ።

«ከእናንተ ውስጥ ዕቃ የሚሸጥ አለ?»

እጄን አወጣሁ። ምን እንደምንሸጥ ጠየቀኝ፤ ኩሽኔታ አልኩት። በስንት እንደገዛነው ጠየቀኝ፤ መጀመሪያ አሥር ፍሬ በ180 ብር፣ ኋላ ዋጋው ሲጨምር አሥር ፍሬ በ240 ብር እንደገዛን ነገርኩት። ስንት እንደሸጥን ጠየቀኝ፤ አሥራ ሁለት፣ በ300 ብር። ሃንዳውቱን ዘጋውና ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለው።

በግራ በኩል መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። አሥሩ በ180፣ ሁለቱ በ240፤ ወጪው 2,280 ብር። ሽያጩ 3,600 ስለሆነ ትርፉ 1,320። በቀኝ በኩል አማካይ ዋጋ፤ ሃያውም ኩሽኔታ በ210 ሒሳብ፣ የአሥራ ሁለቱ ወጪ 2,520፣ ትርፉ 1,080። «ያው ኩሽኔታ፣ ያው ደንበኛ፣ ያው ብር» አለ መምህሩ፣ «ትርፉ ግን በ240 ብር ተለያየ። ብሩ የት ሄደ?» ክፍሉ ዝም አለ። ብሩ የትም አልሄደም፤ መደርደሪያው ላይ ባሉት ስምንት ኩሽኔታዎች ዋጋ ውስጥ ተቀምጧል። ያን ቀን ነው ሒሳብ የገባኝ። እስከዚያ ድረስ ቁጥር ነበር የምጽፈው።

ሰኞ ጠዋት ለሀጂ ነገርኳቸው። አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁለቱም ውሸት ነው» አሉ። «አሥራ ሁለት ሸጥኩ፤ ነገ አሥራ ሁለቱን መተካት አለብኝ፤ ዋጋው 240 ነው። 2,880 ብር። ከ3,600 ላይ ስታነሺው 720 ይተርፈኛል። የእኔ ትርፍ እሱ ነው። 1,320 አተረፍኩ ብዬ ብበላው ሱቁን ነው የበላሁት።»

በሚቀጥለው እሁድ ይህን ለመምህሩ ይዤለት ሄድኩ። ቢያፍር ወይም ቢቆጣ አይገርመኝም ነበር። ሰሌዳው ላይ ሦስተኛ ዓምድ ጨመረና አናቱ ላይ «ሀጂ» ብሎ ጻፈ። ሙሉውን ሰዓት በእሱ ላይ ዋልን። ሀጂ የሚያስቡት መተኪያ ዋጋን ነው፤ ለንግዱ ልክ ናቸው፤ ለግብር መሥሪያ ቤት ግን ነገ የሚገዛን ዕቃ ዋጋ የዛሬ ወጪ ነው ብሎ ማቅረብ አይቻልም። ዋጋ በሚንርበት ዘመን በመዝገብ የሚታየው ትርፍ በኪስ ካለው ለምን እንደሚበልጥ፣ ግብሩም ለምን ባለሱቁን እንደሚያቃጥለው እዚያ ነው የተረዳሁት። መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይውጣ የሚለውን ስልት፣ ለሀጂ አሳብ የሚቀርበውን፣ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ለምን እንደማይፈቅደውም አነሳ። ለዚህ መምህር ሁለት ነጥብ። ሦስት ባደርገው ደስ ይለኝ ነበር፤ ችግሩ ኮሌጁ ለሰዓቱ የሚከፍለው ስለሚያንስ መምህሩ በዓመቱ ማስተማሩን ተወው።

ከዚያ ወዲህ ባዶ እጄን ክፍል ገብቼ አላውቅም። የደመወዝ ሒሳብ ስንማር የእኛኑ አራት ሠራተኞች ደመወዝ ይዤ ሄድኩ፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ። የተጨማሪ እሴት ታክስ ስንማር የወሩን ደረሰኝ ይዤ ሄድኩ። አጠገቤ ከሚቀመጡት አንዷ የዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበረች፣ ሌላዋ ክሊኒክ ትሠራለች። እሁድ ከትምህርት በኋላ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ያለችው ቡና ሻጭ ጋ እንቀመጣለን። አቦሉ ለቤት ሥራ፣ ቶናው ለሐሜት፣ በረካው ለሚቀጥለው ሳምንት ንባብ። የዳቦ ቤቷ ልጅ ስለ ዱቄት ብክነት ያመጣችውን ሒሳብ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ከኮሌጁ ሃንዳውት ግን አንዱንም ገጽ አላስታውስም።

ሃንዳውት ካነሳሁ ኦዲት ያስተማረንን ሰው ልናገር። ከአሥራ ሁለት እሁድ አምስቱን ቀረ። በስድስተኛው 64 ገጽ ፎቶ ኮፒ ልኮ «አንብቡት፣ ፈተናው ከዚህ ይወጣል» አለ። ፈተናው ከዚያ ወጣ፤ ሁላችንም «ቢ» አገኘን፤ ሁላችንም ደስ አለን። ዲኑ ጋ ሄጄ ልከስ ብዬ ነበር፤ የክፍሉ ልጆች «ውጤታችንን ልታስቀንሺ ነው?» ብለው ሊበሉኝ ደረሱ። ተውኩት። በሕይወቴ እንደዚያ «ቢ» የተወደደብኝ ዕቃ የለም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

በመጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ኮሌጁ በቴሌግራም ፋይል እየላከ ወርሃዊ ክፍያውን ጠየቀ፤ ከፈልን። ከዚያ ስንመለስ ገና ሁለት ሴሚስተር በደንብ ሳንማር ጦርነቱ መጣ።

በጥቅምት 2014 ደሴ ተያዘች፤ በኅዳር መጨረሻ ተለቀቀች። ስለ መሐሉ እዚህ አልጽፍም። ወደ ኮሌጁ ስሄድ በር የለም፣ ኮምፒውተሮቹ የሉም፣ የሬጅስትራሩ ክፍል ወለል በወረቀት ተሸፍኗል። የአራት ዓመት ውጤቴ ከእግሬ ሥር ያለ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ወረቀት አገላብጣለሁ፤ የሌላ ሰው ስም፣ የሌላ ሰው «ሲ»። ከተማው ውስጥ ስንቱ ነገር ጠፍቶ ለውጤት ማልቀስ ያሳፍራል፤ እኔ ግን አልቅሻለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴትዮዋ በባጃጅ መጡ። ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ይዘዋል። ከተማው ሊያዝ ሲል በነበረው ማታ የውጤት መዝገቦቹን ከመደርደሪያ አውርደው ወደ ቤታቸው ወስደዋቸዋል፤ ማድ ቤት አስገብተው ከላያቸው ማገዶ ከምረውባቸዋል። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም ለዚህ የከፈላቸው የለም። ጆንያው ሲፈታ መዝገቡ ጭስ ጭስ ይል ነበር። ልስማቸው ስጠጋ «ያንቺስ የየሴሚስተሩ ማስረጃ የት አለ? ማኅተም አድርጌ እጅሽ ላይ አልሰጠሁሽም?» ብለው ተቆጡኝ። የት እንደጣልኩት አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁሉ አስቀምጫለሁ፤ ዋናው ቤት፣ ፎቶው ስልኬ ላይ፣ ቅጂው ሱቅ ሀጂ ካዝና ውስጥ። ለሴትዮዋ ተጨማሪ ሁለት ነጥብ። በድምሩ ስድስት ሞላ፤ ለሕንፃውና ለአስተዳደሩ የቀረ ነጥብ የለኝም።

ከጦርነቱ በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉ ዘጠኝ ኮምፒውተር ይዞ ተከፈተ። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ለአንድ ኮምፒውተር አራት ሆነን ተማርን፤ አንዷ ትነካለች፣ ሦስታችን እናያለን። እኔ እድሌ ሱቃችን ውስጥ ኮምፒውተር መኖሩ ነው፤ ማታ ማታ በሀጂ ዕቃ ተለማመድኩ። ሌሎቹ ተመርቀውም አይጥ መያዝ ያስፈራቸው ነበር፤ ይህም በመጨረሻ ዋጋ አስከፈላቸው፤ ምክንያቱም የመውጫ ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው።

የመውጫ ፈተናው በ2015 ክረምት ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ እኛ ነበርን። ከመንግሥትም ከግልም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ተፈተነ፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ኮሌጁ ይህን ሲሰማ ተደናግጦ በየማታው የማጠናከሪያ ትምህርት አዘጋጀ፤ ለብቻው ያስከፍላል። ፈተናው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነበር። ሰኔ 30 ደግሞ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ፣ የሱቅ ቆጠራ ቀን ነው። ካንዴላ ስቆጥር ሀጂ ደብተሩን ከእጄ ወሰዱት። «ኩሽኔታው የትም አይንከባለልም፤ ሂጂ አጥኚ» አሉኝ። ስምንት ቀን ፈቃድ፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር።

ፈተናው ላይ የክምችት ዋጋ ጥያቄ ሲመጣ ቀመር አላሰብኩም፤ ሦስቱ ዓምዶች ፊቴ ላይ ተደረደሩ። ኦዲቱ ላይ ስደርስ ግን 64 ገጹ ፎቶ ኮፒ ነጭ ሆኖ ታየኝ። መላ ምት መታሁ። 58 አመጣሁ። ከክፍላችን ከተፈተነው 31 ሰው ያለፍነው ዘጠኝ ነን። በዚያ ዙር በአገር ደረጃ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ከአምስት አንዱ እንኳን ስላላለፈ፣ ኮሌጁ የእኛን እንደ ድል ቆጠረው። የዘጠኛችንን ፎቶ በትልቅ ባነር አሠርቶ በሩ ላይ ሰቀለ። እናቴ ባነሩ ሥር ቆማ ፎቶ ተነስታለች፤ ደስታዋን ላበላሽባት አልፈለግሁም። የሃያ ሁለቱ ስም ግን የትም የለም። ከመካከላቸው ከእኔ የበለጡ ነበሩ፤ የዳቦ ቤቷ ልጅ አንዷ ናት። በሚቀጥለው ዙር አለፈች፤ ባነሩ አልተቀየረም።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ባነር ስታይ «ስንት ሰው አለፈ?» ሳይሆን «ከስንት?» ትበል። በትምህርት ክፍሏ ስንት ተቀመጠ፣ ስንት አለፈ፣ በየዙሩ። ሬጅስትራሩ ይህን ቁጥር ያውቀዋል። ካልነገራት መልሱን ነግሯታል።

አሁን ሒሳቡ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለዚህ ዲግሪ የወጣውን በአንድ ሰማያዊ ደብተር መዝግቤያለሁ። ወርሃዊ ክፍያው በ2010 450 ብር ነበር፣ በ2015 900 ደረሰ፤ በጦርነቱ የተዘጋባቸውን ወራት ሳይጨምር ድምሩ 33,350 ብር። የምዝገባ በየዓመቱ 500፣ በስድስት ዓመት 3,000። ፎቶ ኮፒና ኅትመት 4,180። ባጃጅና ታክሲ 5,600። ጠቅላላ 46,130 ብር። ካባውና የምረቃ ፎቶው እዚህ ውስጥ የለም፤ እሱን እናቴ ናት የከፈለችው። ቡናውንም አልመዘገብኩም፤ በተራ ነበር የምንከፍለው። ዲግሪው ሲመጣ ሀጂ ደመወዜን ጨመሩልኝ፤ በተጨማሪም የሁለት ጎረቤት ሱቆችን ሒሳብ በወር መጨረሻ እሠራለሁ። የወጣው ተመልሷል። የሚገርመው ግን እነዚያ ሁለት ባለሱቆች ዲግሪዬን አሳዪን ብለው አያውቁም፤ የመጡት ሀጂ ስለ ኩሽኔታው በየቡናው ሲያወሩ ሰምተው ነው።

ኮሌጁን ለሰው እመክራለሁ ወይ? ሴትዮዋ መስኮቱ ላይ እስካሉ ድረስ አዎን። ጡረታቸው ደርሷል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የሚተካቸውን ሰው ሳላይ ግን አልፈርምም። ሌላ ሰው ደግሞ እኔ ያልወደድኩትን ኮሌጅ ገብቶ ጥሩ መምህር ሊገጥመው ይችላል፤ አልከራከረውም።

ለእህቴ ልጅ የመለስኩላት አጭር ነው። ከሦስቱ አንዱ ፈቃዱን በፎቶ ልኮላታል፤ ደሴ ይላል፣ አካውንቲንግ ይላል፣ ቀኑም አላለፈም። ሁለተኛው «መጥተሽ እዪ» ብሏታል። ሦስተኛው የምዘና ማስረጃ ኋላ ታመጪዋለሽ ስላላት ከመዝገቡ ሰርዘነዋል። የሚመጣው እሁድ ከሐይቅ በጠዋቱ ሚኒባስ ትመጣለች። ምሳ እኔ ጋ ትበላለች። ከዚያ ከመጀመሪያው ኮሌጅ በር ፊት ለፊት ካለው ቡና ቤት ተቀምጠን፣ ከ8 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ተኩል ስንት ተማሪ ስንትስ መምህር እንደሚገባ እናያለን። ቡናውን እኔ እከፍላለሁ፤ ቆጠራው የእሷ ነው።